ቮላኖ ሲገጠም፦ ስለ ትናንሽ ሞተሮች ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የምሠራው ወረታ ነው። ሥራዬ የውሃ መሳቢያ ሞተርና ትናንሽ ጀነሬተር መጠገን ነው። በጋ ሲገባ ከርብና ከጉማራ ወንዝ ውሃ እየሳቡ ሽንኩርት የሚያለሙ ገበሬዎች ሞተራቸውን በባጃጅ፣ በአህያ፣ አንዳንዴም በትከሻ ተሸክመው ይመጣሉ። እቤት ፈትተውት መልሰው መግጠም ሲያቅታቸው የሚደውሉልኝም ብዙ ናቸው። ከሁሉ በላይ የምጠየቀው፣ ስመልስም የምሰጋው ስለ ቮላኖ፣ ማለትም በሞተሩ ጎን ከክዳኑ ሥር ስለሚዞረው ከባድ ክብ ብረት ነው። ካርቡራተር ተሳስታችሁ ብትገጥሙ ሞተሩ አይነሳም፣ በቃ። ቮላኖ ተሳስታችሁ ብትገጥሙ ግን ሞተሩ ሊነሳ ይችላል። አደጋው እዚያ ላይ ነው።

እዚህ የምጠቅሰው ቁጥር በአብዛኛው ለሆንዳ ጂኤክስ 160 እና 200 ነው። ገበያውን የሞሉት የቻይና 168 ኤፍ ሞተሮችም የተሠሩት በዚሁ ንድፍ ነው። የእናንተ ሞተር ሌላ ከሆነ ልኩን ከራሱ ማኑዋል ውሰዱ።

ቮላኖ ምን ይሠራል? ይህን ያህል የሚያስፈራውስ ለምንድን ነው?

ባለ አራት ምት ሞተር ጉልበት የሚያገኘው ኮሎው (ፒስተኑ የሚያዞረው ዋናው ዘንግ) ሁለት ጊዜ ሲዞር አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ቀሪውን መንገድ የሚገፋው ቮላኖው ያጠራቀመው ጉልበት ነው። በዚያ ላይ ጠርዙ ላይ ያለው ማግኔት በኮይሉ (ለካንዴላው ኤሌክትሪክ በሚሰጠው ጥቅል ሽቦ) ፊት ሲያልፍ የካንዴላውን እሳት ይፈጥራል። ከላዩ የሚገጠመው ፋን ደግሞ ሞተሩን ያቀዘቅዛል። በአንድ ብረት ሦስት ሥራ ማለት ነው።

የሚያስፈራው ፍጥነቱ ነው። 18 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ቮላኖ በደቂቃ 3600 ጊዜ ሲዞር ጠርዙ በሰከንድ 34 ሜትር ገደማ ይጓዛል። በሰዓት ሲሰላ ከ120 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። አስፋልት ላይ በሙሉ ፍጥነት የሚሄድ ሚኒባስ አስቡ። አሁን ያንን ፍጥነት ከጉልበታችሁ አጠገብ፣ በአንዲት ዳዶ የታሰረ አድርጋችሁ አስቡት። ፍጥነቱ በእጥፍ ቢጨምር ቮላኖውን ወደ ውጭ የሚጎትተው ኃይል አራት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ የተሰነጠቀ ቮላኖ በዝግታ ሲዞር ምንም ላያሳይ ይችላል። ጋዝ ሲሰጠው ነው የሚበተነው።

ቮላኖውን ኮሎው ላይ የምትይዘው ኪዋ (በመሃላቸው የምትገባው ትንሽ ብረት) አይደለችም እንዴ?

አይደለችም። ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ ብትይዙ ይህን ያዙ።

የኮሎው ጫፍ ሾጣጣ ነው። የቮላኖው መሃል ቀዳዳም በዚያው ልክ ሾጥጦ የተቆረጠ ነው። ዳዶው ሲጠብቅ ሁለቱ ሾጣጣዎች እርስ በርስ ይነካከሳሉ። ቮላኖውን የሚይዘው ያ መነካከስ ነው። ግማሽ ጨረቃ የምትመስለዋ ኪ ሥራዋ ሌላ ነው። ቮላኖው በትክክለኛው ቦታ እንዲቀመጥና እሳቱ በሰዓቱ እንዲመጣ ቦታ ታሳያለች። ሸክም የመሸከም ሥራ የእሷ አይደለም። ሾጣጣው ሳይነክስ ቀርቶ ሸክሙ በእሷ ላይ ሲወድቅ ትቆረጣለች።

ባለፈው በጋ አንድ አባት ሞተር ይዘው መጡ። ሦስት ሰው ነካክቶታል። ካርቡራተሩ ተቀይሯል፣ ካንዴላው ተቀይሯል፣ እሳት አለው፣ ቤንዚን ይደርሰዋል፣ ግን አይነሳም። ገመዱን ስስብ ከእጄ መንጭቆ ወሰደው። ክዳኑን አንስቼ ዳዶው ላይ ቡሶላ አስገባሁ። ቁልፍ ሳላስገባበት ቡሶላውን በጣቴ ብቻ ሳዞረው ዳዶው ተፈታ። ቮላኖውን ሳነሳው ያለ ፑለር (ቮላኖ መንቀያ መሣሪያ) እጄ ላይ መጣ። ሾጣጣው ከጫፍ እስከ ጫፍ ግራሶ ተለቅልቋል። «አያ፣ ይህን ማን ቀባው?» ብላቸው፣ «ሌላ ቀን ለመፍታት እንዲቀል ብሎ አንድ ልጅ ነው» አሉኝ። ኪዋ ለሁለት ተቆርጣ ግማሿ ኮሎው ውስጥ፣ ግማሿ ቮላኖው ውስጥ ቀርታለች። ልጁ ለደግ ብሎ ነው ያደረገው። ግን ግራሶ የገባበት ሾጣጣ አይነክስም።

ሥራ ከመጀመሬ በፊት ምን ላድርግ?

የካንዴላውን ገመድ ንቀሉና ከካንዴላው አርቃችሁ እሰሩት። ማብሪያውን አጥፉ፣ የቤንዚኑን ቧንቧ ዝጉ። ባትሪ ያለው ከሆነ ኔጌቲቩን ፍቱ። ሞተሩ ትኩስ ከሆነ ይቀዝቅዝ። ቮላኖውን በእጅ ስታዞሩ ሞተሩ ሊተኩስ ይችላል። ትንሽ የቀረች ቤንዚን ትበቃዋለች።

ቮላኖው አልወጣ አለኝ። በመዶሻ ልምታው?

አትምቱት። መዶሻው ሦስት ነገር ሊጎዳ ይችላል፦ ማግኔቱን፣ የኮሎውን ጥርስና የኮሎውን ኩሽኔታ። እኔ ሥራ ስለምድ አንዱን መትቼ ማግኔቱን ሸርፌዋለሁ። ቮላኖው ወጣ፣ ግን ከዚያ በኋላ የደከመ እሳት ነበር የሚሰጠው። ባለቤቱ አዲስ መግዛት ነበረበት። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

መንገዱ ፑለር ነው። ዳዶውን ሙሉ በሙሉ አታውጡት። ከኮሎው ጫፍ እኩል እስኪሆን ፍቱትና እዚያው ተዉት። አንደኛ የኮሎውን ጥርስ ይጠብቃል። ሁለተኛ ቮላኖው ድንገት ሲለቅ ዘሎ እግራችሁ ላይ እንዳይወድቅ ይይዘዋል። የፑለሩን እግሮች ቮላኖው ጠንካራ በሆነበት ቦታ አስይዙ፤ ፋኑ ላይ በፍጹም። ቀስ እያላችሁ አጥብቁ። «ጧ» ብሎ ሲለቅ ትሰማላችሁ።

ካቻቢቴ በፋኑ ክንፎች መሃል ሰክቶ ቮላኖውን ማስቆምም የተለመደ ነው። ይህም መቅረት አለበት። አንድ ክንፍ ሲሰበር ሚዛኑ ይዛባል፣ ሞተሩም ይግላል።

ከመግጠሜ በፊት ቮላኖው ላይ ምን ልፈትሽ?

ከሁሉ በፊት ስንጥቅ። ስንጥቅ በብዛት የሚጀምረው ከመሃል ቀዳዳው ዙሪያ፣ በተለይ ኪዋ ከምትገባበት ቦይ ማዕዘን ነው። በዓይን ብቻ አይታይም። እኔ የማደርገው እንዲህ ነው። ቮላኖውን በደንብ አጥቤ መሃሉን በነጭ ጋዝ አርሰዋለሁ። ጥቂት ደቂቃ ቆይቼ በደረቅ ጨርቅ እስኪነጣ ድረስ እወለውለዋለሁ። ከዚያ ጠመኔ አድቅቄ ዱቄቱን እነሰንስበታለሁ። ስንጥቅ ካለ ውስጡ የቀረው ጋዝ ወደ ጠመኔው ይወጣና እንደ ፀጉር የቀጠነ እርጥብ መስመር ይሠራል። ያ መስመር ከታየ ቮላኖው አበቃለት።

ለብረት ቮላኖ ሌላም ፍተሻ አለ። እናቶቻችን እንስራ ሲገዙ በጣታቸው መታ አድርገው ድምፁን ይሰማሉ አይደል? ቮላኖውንም በገመድ አንጠልጥላችሁ በትንሽ ነገር መታ አድርጉት። ደህናው እንደ ደወል ይጮኻል። የተሰነጠቀው ድምፁ ይታፈናል። ይህ ግን የጠመኔውን ፍተሻ አይተካም፤ ሁለቱንም አድርጉ።

ቀጥሎ ማግኔቱን እዩ። ጥገና ቤት ወለል ላይ የተቀመጠ ቮላኖ የሞረድ ብናኝ፣ ትንሽ ቡሎን፣ ሮንዴላ ሁሉ ይስባል። አንዲት ሮንዴላ ማግኔቱ ላይ ቀርታ ሞተሩ ከተነሳ ኮይሉን ትሰብረዋለች። በደረቅ ጨርቅ ጥረጉት። ብናኙ አልለቅ ካለ ፕላስተር ለጥፋችሁ ስትልጡት ይዞት ይመጣል። ማግኔቱ ከቦታው የሚነቃነቅ ከሆነ ደግሞ ቮላኖውን ቀይሩት።

የፋኑን ክንፎች ቁጠሩ። ጂኤክስ 160 ላይ ፋኑ ፕላስቲክ ስለሆነ ለብቻው ይቀየራል። ክንፉ ከቮላኖው ጋር አብሮ የተቀለጠ ከሆነ ግን የሚቀየረው ቮላኖው ራሱ ነው። ሚዛን እንዲመጣ ብለው ትይዩ ያለውን ክንፍ የሚሰብሩ አይቻለሁ። ይህን አትሞክሩት።

የተሰነጠቀ ቮላኖ አይበየድም?

አይበየድም። ብየዳው የያዘ ቢመስልም አጠገቡ ያለውን ብረት በሙቀት ያዳክመዋል፣ ሚዛኑንም ያበላሻል። ስንጥቅ ያገኛችሁበትን ቮላኖ ሌላ ሰው አንስቶ እንዳይገጥመው በማይጠፋ ቀለም ምልክት አድርጉበት።

ሾጣጣውን በምን ላጽዳው?

ንጹሕ ጨርቅ በቲነር ነክራችሁ የኮሎውን ጫፍና የቮላኖውን ቀዳዳ ጥረጉ። ጨርቁ ላይ ጥቁር መምጣቱን እስኪያቆም ደጋግሙት። ከዚያ እስኪደርቅ ጠብቁ። አጠገባችሁ እሳትም ሲጋራም አይኑር። ካጸዳችሁ በኋላ በእጃችሁ አትንኩት፤ የሠራ እጅ ዘይት አያጣም። ግራሶ፣ ዘይት፣ ዝገት መከላከያ፣ ሙጫ፣ ምንም አይቀባም። ሾጣጣው ሲገጠም ደረቅ ይሁን።

የብርጭቆ ወረቀት መጠቀም ይቻላል ወይ ለሚለው፦ ቀላል ዝገት ካለ በጣም ደቃቁን ወስዳችሁ በስሱ አሹት። በሞረድ ግን አትንኩት። ሞረድ አንድ ወገን ብቻ ይበላና ሾጣጣው ክብነቱን ያጣል።

መግጠሙን እንዲህ አረጋግጡ። ኮሎው ላይ በማርከር ከላይ እስከ ታች አራት መስመር አስምሩ። ኪዋን ሳታስገቡ ቮላኖውን ጫን አድርጋችሁ ትንሽ ወዲያና ወዲህ አዙሩና አውጡት። መስመሮቹ ሙሉ ለሙሉ ከተፋቁ ጥሩ ነው። ጫፍ ላይ ብቻ ወይም በአንድ ጎን ብቻ ከተፋቁ አልገጠመም። ጉዳቱ ቀላል ከሆነ ቫልቮላ በሚፈጭበት ፓስታ ሁለቱን እርስ በርስ አፋጭቶ ማስተካከል ይቻላል። ኪዋ በዚህ ጊዜም አትግባ። ስትጨርሱ ፓስታውን አንድም ሳታስቀሩ በቲነር እጠቡት። ሾጣጣው የተቦረቦረ ከሆነ ግን ፓስታ አያድነውም።

ኪዋ ተቆርጣለች። ምስማር ቆርጬ ብሠራስ?

ገጠር ላይ መለዋወጫ ራቅ ሲል ለምን እንደሚታሰብ ይገባኛል። ሽንኩርቱ ውሃ ጠምቶት ሳምንት አይጠብቅም። ግን ምስማር ክብ ነው፣ ቦዩ አራት ማዕዘን ነው። በሞረድ ብታስተካክሉት እንኳ ትንሽ ይላላል። የሾጣጣው ውፍረት 20 ሚሊ ሜትር ነው ብንል ዙሪያው 63 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። 1 ሚሊ ሜትር መንሸራተት ማለት ወደ 6 ዲግሪ የሚጠጋ የታይሚንግ (እሳቱ የሚመጣበት ሰዓት) ለውጥ ነው። በዚህ መጠን ሲዛባ ሞተሩ ወይ አልነሳም ይላል፣ ወይ እጅ ይመታል።

ሌላም ምክንያት አለ። ብሪግስ ኤንድ ስትራተንን የመሳሰሉ ሞተሮች ኪያቸው ሆን ተብሎ ከለስላሳ ብረት ይሠራል። ሞተሩ በድንገት ሲያዝ ኪዋ ተቆርጣ ኮሎውን እንድታድን ነው። በጠንካራ ብረት ስትተኳት የሚሰበረው ዋናው ዕቃ ይሆናል። ኪ ከመለዋወጫዎች ሁሉ ርካሽ ከሚባሉት አንዷ ናት። ለሞተራችሁ የተሠራችውን ሁለት ሦስት ገዝታችሁ ቤት አስቀምጡ።

ደግሞ ኪዋ ለምን እንደተቆረጠች ጠይቁ። ፓምፑ ውስጥ ጠጠር ገብቶ ፕሮፔለሩ ተይዟል? ዳዶው ላልቶ ነበር? ምክንያቱን ሳታገኙ አዲሷን ብታስገቡ እሷም ትቆረጣለች።

አገባቡ በቅደም ተከተል እንዴት ነው?

ኮሎውን አዙራችሁ የኪዋን ቦይ ወደ ላይ አድርጉት። ኪዋን አስገቡና በጣታችሁ ተጫኑ። ታችዋ እስኪነካ ትግባ፣ ጀርባዋም ቀና ብሎ ይቀመጥ። አንድ ጫፏ ከፍ ካለ ቮላኖው ሲገባ በላይዋ ይወጣል። በዚህ ጊዜ ዳዶው የጠበቀ ይመስላችኋል፣ ሾጣጣው ግን አልተገናኘም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

ቮላኖውን በሁለት እጅ ይዛችሁ ቦዩን ከኪዋ ጋር አስተያዩና ቀጥ አድርጋችሁ አስገቡት። ማግኔቱ ወደ ኮይሉ ሊጎትተው ስለሚችል ጣታችሁን በመሃላቸው አታድርጉ። ከገባ በኋላ በቀዳዳው በኩል አጮልቃችሁ ኪዋ በቦታዋ እንዳለች እዩ። ገፍታችሁት ወደ ኋላ ወጥታ ሊሆን ይችላል።

ከዚያ ፋኑ ይመጣል። ከጀርባው ያሉት ጉጦች ቮላኖው ላይ ባሉት ትናንሽ ቀዳዳዎች ውስጥ መግባት አለባቸው። በላዩ የማስነሻ ገመዱ የሚነክሰው ኩባያ ይቀመጣል። እሱም የራሱ መግጠሚያ አለው፤ በቦታው ሲገባ አይዞርም። ኩባያው ቦታውን ሳይዝ ዳዶውን ብታጠብቁ ፋኑ ይሰነጠቃል። አንዳንድ ሞተር ላይ እንደ ሰሐን የጎበጠ ሮንዴላ አለ፤ ጎድጓዳው ፊቱ ወደ ቮላኖው ይሁን።

ዳዶውን መጀመሪያ በጣት ብቻ አስገቡ። በጣት አልሄድ ካለ ጥርሱ ተሳስቷል፤ አውጡና እንደገና ጀምሩ። በጣት ሲያበቃ ቮላኖውን በእጃችሁ አዙሩና ጠርዙን ከአንድ ቋሚ ነገር ጋር እያስተያያችሁ ተመልከቱ። ወዲያና ወዲህ የሚዋዥቅ ከሆነ ኪዋ ተነስታለች ማለት ነው። ሳታጠብቁ አውጡት።

ዳዶውን ሳጠብቅ ኮሎው አብሮ ይዞርብኛል። በምን ላስይዘው?

ጥሩው የቮላኖ መያዣ ቀበቶ ነው። ከሌላችሁ የገመድ ዘዴ አለ። ካንዴላውን ፍቱ። ሞተሩን በራሱ አቅጣጫ ቀስ እያላችሁ አዙሩ። የካንዴላው ቀዳዳ ላይ ጣታችሁን ስታደርጉ አየር መግፋት ሲጀምር ፒስተኑ በኮምፕረሽን እየወጣ ነው፤ ሁለቱም ቫልቮላ ተዘግቷል። ግማሽ መንገድ ላይ አቁሙት። የማይበጣጠስ፣ ንጹሕ የናይለን ገመድ በቀዳዳው አስገቡ። ጫፉን ውጭ አስቀሩ፤ ቋጥሩትም። አሁን ዳዶውን ስታጠብቁ ፒስተኑ ገመዱ ላይ ተጭኖ ይቆማል።

ለመፍታት ሲሆን ግን ኮሎው የሚዞረው ወደ ኋላ ነው። ስለዚህ ፒስተኑ ከጫፍ ትንሽ አልፎ መውረድ ሲጀምር ነው ገመዱ የሚገባው። ገመዱ ያለቦታው ከገባ ክፍት ቫልቮላ ሊያጣምም ይችላል። በካንዴላ ቀዳዳ ካቻቢቴ ወይም ሌላ ብረት የሚከቱ አሉ፤ ፒስተኑን የሚበሱት እነሱ ናቸው። ስትጨርሱ ገመዱን አውጡ። ይህን የምጽፈው ገመዱን ውስጥ ረስቶ የመጣ ሰው ስላጋጠመኝ ነው።

ስንት ላጥብቀው? ቶርክ ሬንች (የማጥበቂያ ኃይል የሚለካ ቁልፍ) ደግሞ የለኝም።

ጂኤክስ 160 እና 200 ላይ የቮላኖው ዳዶ 19 ቁጥር ቡሶላ ይወስዳል። መጥበቂያ ልኩ 75 ኒውተን ሜትር ነው። ትልልቆቹ፣ እንደ ጂኤክስ 390 ያሉት፣ ዳዶአቸውም ልካቸውም ይለያል።

ቶርክ ሬንች ከሌለ የሻንጣ ወይም የቡና መመዘኛ ተንጠልጣይ ሚዛን ፈልጉ። የቡሶላውን እጀታ ከዳዶው መሃል 30 ሴንቲ ሜትር ላይ ምልክት አድርጉበት። ሚዛኑን እዚያ ምልክት ላይ አስራችሁ፣ እጀታውና ሚዛኑ ቀጥ ያለ ማዕዘን እንዲሠሩ አድርጋችሁ ሳቡ። 25 ኪሎ ተኩል ሲያሳይ 75 ኒውተን ሜትር ደርሳችኋል። እጀታው ረዝሞ ምልክቱ 50 ሴንቲ ሜትር ላይ ከሆነ 15 ኪሎ ትንሽ አለፍ ሲል ይበቃል። አስተማማኝነቱ እንደ ሚዛኑ ነው፣ ግን «በእጄ አውቀዋለሁ» ከሚለው እጅግ ይሻላል። ደከም ያለ ሰው አላልቶ ይተወዋል፣ ጎረምሳ ደግሞ ቱቦ ቀጥሎ የቮላኖውን መሃል ይሰነጥቃል።

በአየር ወይም በባትሪ በሚመታ ማሽን አታጥብቁት። ልክ የለውም።

የኮይሉ ክፍተት ስንት ነው?

ጂኤክስ 160 ላይ 0.4 ሚሊ ሜትር ነው፣ ወደ ላይም ወደ ታችም 0.2 ሊለያይ ይችላል። ፊለር ጌጅ (የክፍተት መለኪያ) ከሌላችሁ ተራ የቢሮ ወረቀት 0.1 ሚሊ ሜትር ያህል ስለሆነ አራቱን ደርቡ። የኮይሉን ቡሎኖች አላልታችሁ ከቮላኖው አርቁት። ወረቀቱን በመሃል አድርጉና ማግኔቱን ወደ ኮይሉ አምጡት። ማግኔቱ ራሱ ይስበዋል። ቡሎኖቹን አጥብቁ፣ ቮላኖውን አዙራችሁ ወረቀቱን አውጡ። ከዚያ ሁለት ሦስት ዙር በእጅ አዙሩት። የሚፋቅ ድምፅ ከሰማችሁ ክፍተቱ ጠቧል ወይም ቮላኖው ይዋዥቃል።

ገጠምኩት፤ ግን ገመዱን ስስብ እጄን ይመታኛል።

ገመዱን መሳብ አቁሙ። የሰው ጣትና አንጓ የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው። እሳቱ ከሰዓቱ ቀድሞ እየመጣ ነው። ሞተሩ በድንገት ሲያዝ ኮሎው ይቆማል፣ ቮላኖው ግን በነበረው ጉልበት ወደፊት ይንሸራተታል። ማግኔቱም ኮይሉ ጋ ቀድሞ ይደርሳል። ቮላኖው ወደ ኋላ የተንሸራተተ ከሆነ ደግሞ ምልክቱ ሌላ ነው፦ ሞተሩ በጭንቅ ይነሳል፣ ማርሚታው (የጭስ መውጫው) ይተኩሳል፣ ቶሎም ይግላል። ሁለቱም ጋ መልሱ አንድ ነው። ቮላኖውን አውጥታችሁ ኪዋን እዩ። ሙሉ መቆረጥ አይጠበቅባትም፤ ጎኗ ላይ ትንሽ እርከን ከታየ ቀይሯት።

የማስነሻው ገመድ ተበላሽቷል። ክዳኑን አንስቼ ኩባያው ላይ ገመድ ጠቅልዬ ላስነሳው?

ይህን በየወንዙ ዳር አያለሁ። ባየሁ ቁጥርም ልቤ ይደነግጣል። ክዳን የሌለው ቮላኖ ነጠላም፣ የሸሚዝ እጅጌም፣ የሕፃን ጣትም ይይዛል። የተጠቀለለው ገመድ ሳይለቅ ቀርቶ ሞተሩ ከተነሳ እጀታው እንደ ጅራፍ እየዞረ ይመታል። ቮላኖው ቢሰበር ደግሞ ስብርባሪውን የሚያቆም ምንም የለም። የፋኑን አየር ወደ ሲሊንደሩ የሚመራውም ክዳኑ ነው፤ ያለሱ ሞተሩ ይግላል። የማስነሻውን ገመድ ወይም ሞላ ማስቀየር የአንድ ሰዓት ሥራ እንኳ አይሆንም። እኔ ዘንድ ከመጣ ወረፋ አላስጠብቅም።

ከጥገና በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳስነሳው ምን ልጠንቀቅ?

ክዳኑ ሙሉ ቡሎኑ ገብቶ ይታሰር። ቤት ውስጥ አታስነሱ፤ ጭሱ ይገድላል። ልጆችን አርቁ። ቮላኖው ሲበተን ስብርባሪው የሚወረወረው ከጠርዙ ወደ ውጭ ነው፤ ስለዚህ በዚያ ትይዩ ማንም አይቁም። ሞተሩ ሲነሳ ጋዝ አትስጡት፤ ሁለት ሦስት ደቂቃ በዝግታ ይሥራ። የሚንቀጠቀጥ ወይም የሚቀጠቅጥ ድምፅ ካለው ወዲያው አጥፉት። ደህና ከሆነ ጋዙን ቀስ እያላችሁ ጨምሩ።

የገቨርነሩን (የሞተሩን ፍጥነት የሚቆጣጠረውን ክፍል) ሞላ እየጎተታችሁ ከልኩ በላይ አታስሩጡት። የጀነሬተር ሞተር የኛን አገር 50 ኸርዝ መብራት ለመስጠት በደቂቃ 3000 ዙር ይበቃዋል። የውሃ መሳቢያውም ከ3600 አያልፍም። «ውሃ ቶሎ ይውጣ» ተብሎ የሚጨመረው ፍጥነት በቀጥታ ቮላኖው ላይ ይወርዳል።

ከዚያ በኋላስ ደግሜ ልፈትሸው?

አዎ። እኔ አዲስ የገጠምኩትን ቮላኖ ከመጀመሪያው ቀን ሥራ በኋላ፣ ሞተሩ በደንብ ሲቀዘቅዝ፣ ክዳኑን አንስቼ ዳዶውን በዚያው ልክ እፈትሻለሁ። ንቅንቅ ካላለ ክዳኑን እመልሳለሁ። ትንሽ እንኳ ከዞረ ዝም ብዬ አላጠብቀውም፤ ቮላኖውን አውጥቼ ሾጣጣውንና ኪዋን እንደገና አያለሁ።